መፍላት ያቆመ ጠጅ እንዴት እንደሚነሳ

ጠጅ መጣል የለመደ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። ማሩ ተበጥብጦ፣ ጌሾው ገብቶ፣ መጀመሪያ ላይ እየተንፈቀፈቀ ቤቱን በሽታው ሞልቶት ነበር። ከዚያ ድንገት ጭጭ ይላል። ቀምሳችሁ ስታዩት ገና ብርዝ ነው፤ ጣፋጭ፣ ወፍራም፣ ትንሽ አልኮል አልኮል የሚል ብርዝ።

እኔ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ለገና ብዬ የጣልኩት አምስት ጋሎን ጠጅ ልክ እንዲህ ሆነ። ወሩ ታኅሣሥ፣ ውጭው በረዶ፣ ጠጁ ቤዝመንት። ለበዓሉ የተጠራው ሰው ቢራ ጠጥቶ ሄደ፤ ጠጁ የደረሰው ለአስተርዮ ማርያም ነው። ግን ደረሰ፣ ደግሞም ጥሩ ሆኖ ደረሰ። እዚህ የምጽፈው ያን ጊዜ ያደረግኩትንና ከዚያ ወዲህ ያወቅኩትን ነው። በተለይ ብርድ አገር ሆናችሁ፣ በጋን ሳይሆን በፕላስቲክ ባልዲ ለምትጥሉ ይጠቅማል።

መጀመሪያ አንድ ነገር፦ ምንም ሳትጨምሩበት በፊት በእርግጥ ማቆሙን አረጋግጡ። ክዳኑ ላይ የሚሰካው የፕላስቲክ ማስተንፈሻ፣ ኤርሎክ የሚሉት፣ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን ስላቆመ ብቻ ጠጁ ቆሟል ማለት አይደለም። የባልዲ ክዳን ብዙ ጊዜ በደንብ አይገጥምም። ጋዙ በጎን ሾልኮ ይወጣና ኤርሎኩ ዝም ይላል፣ ጠጁ ግን ከስር ሥራውን እየሠራ ነው። የዚህ ተቃራኒም አለ። የቆመ ጠጅ ክፍሉ ትንሽ ስለሞቀ ብቻ የታፈነውን ጋዝ ይለቅና ኤርሎኩ ቡልቅ ይላል። እናንተም ተነሳ ብላችሁ ደስ ይላችኋል።

እውነቱን የሚነግራችሁ ሃይድሮሜትር ነው። የመስታወት ዘንግ ነው፣ ጠጁ ውስጥ ይንሳፈፋል። ስኳር ሲበዛ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ይሰምጣል። ንጹህ ውሃ ላይ 1.000 ያነባል። የወይንና የቢራ መጥመቂያ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እናቶቻችን ያለ እሱ ነው የጣሉት የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ ግን እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን የጣሉበት ጋን፣ የሚያውቁት ማርና የሚያውቁት አየር ነበራቸው። እኔ ያለኝ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ማርና በብሊች የታጠበ ባልዲ ነው።

ስትለኩ ናሙናውን በቀጭን ረጅም ብርጭቆ ቅዱና ዘንጉን በጣታችሁ አሽከርክሩት። አረፋ ከተለጠፈበት ወደ ላይ ያነሳውና የውሸት ቁጥር ታነባላችሁ። ቁጥሩን ጻፉት። ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ ድገሙ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ቆሟል። በትንሹም ቢሆን ከወረደ ግን አልቆመም፣ ቀርፋፋ ነው፣ ተዉት።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት መነሻውን፣ ማለትም መፍላት ሳይጀምር የነበረውን ቁጥር፣ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ኩባያ ማር በሦስት ኩባያ ውሃ ከበጠበጣችሁ መነሻው 1.105 አካባቢ ይሆናል። አንድ ለአራት ከሆነ 1.085 አካባቢ። በኪሎ ስትለኩ ይለያል፣ ምክንያቱም አንድ ሊትር ማር አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ኪሎ ማር በሦስት ሊትር ውሃ ያደረገ ሰው በኩባያ ከለካው በጣም የቀጠነ ብርዝ ነው ያለው። ሁለቱም «አንድ ለሦስት» ይላሉ፤ ከዚያ የእኔ ለምን ከበደ፣ ያንቺ ለምን ቀለለ ይባባላሉ። የአልኮሉን መጠን ለማወቅ ከመነሻው አሁን ያለውን ቀንሱና በ131 አባዙ። የእኔ ከ1.105 ተነስቶ 1.062 ላይ ቆመ። ይህ ከ5 እስከ 6 በመቶ አልኮል ነው፣ የቢራ ያህል። ከግማሽ በላይ ስኳሩ ገና አልተነካም።

ይህን ሳታውቁ መድኃኒት ፍለጋ አትሩጡ። በዳቦ እርሾ የተጣለ ጠጅ 1.020 አካባቢ ደርሶ ቢቆም ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ የዳቦ እርሾ አልኮሉ 10 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ይደክማል። እሱ የቆመ ጠጅ ሳይሆን ጣፋጭ ጠጅ ነው፣ አጥልላችሁ ጠጡት።

ጠጅ ከጠላና ከቢራ ይልቅ መሃል ላይ የመቆም አባዜ አለበት። ምክንያቱ ማሩ ነው። ማር ከሞላ ጎደል ስኳርና ውሃ ነው፤ እርሾ ለመራባት የሚፈልገው ናይትሮጅን እዚህ ግባ የሚባል የለውም። ሰው ስኳር ብቻ እየላሰ እንደማይኖር ሁሉ እርሾም አይኖርም። ጠላ ብቅል አለው፣ እንኩሮ አለው፣ እርሾው ሞልቶ ተርፎ ይበላል። ቢራም እንደዚያው ነው፣ ብቅሉ ይመግበዋል። ጠጅ ውስጥ ግን ጌሾው ከሚሰጠው ትንሽ ነገር ሌላ ቀለብ የለም። ከተጣለ በኋላ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሸተታችሁ እርሾው እየተራበ ነው። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚደፋው ያኔ ነው። አትድፉት።

አገር ቤት ብዙ ጊዜ ችግሩ ጎልቶ የማይታየው በሁለት ነገር ይመስለኛል። አንዱ ማሩ ነው፤ ሰፈፉ ያልወጣለት፣ የአበባ ዱቄቱ ያልተጣራ ማር ነው፣ በውስጡ ለእርሾ የሚሆን ነገር አለ። ሌላው ጋኑ ነው። በወይራ ቢታጠንም ሸክላው ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው የዱሮው ጠጅ እርሾ ውስጡ ይቀራል። እዚህ ደግሞ ተሞቆ የተጣራ ማር፣ ታጥቦ በሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ውስጥ።

ወደ እኔ ልመለስ። ቁጥሩ 1.062 ላይ እንቢ ሲል እማዬ ጋ ደወልኩ።

«ምን ላይ ነው ያስቀመጥሽው?» አለችኝ።

«ሲሚንቶ ላይ።»

«በይ ተነሽ አንሺው! ብርድ መቶታል። ጋቢ አልብሺው።»

ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን ፎቅ ላይ 70 ፋራናይት ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር 21 ዲግሪ ነው። ባልዲው ላይ በታችኛው በኩል የሚለጠፍ ቴርሞሜትር ገዝቼ ለጠፍኩ። 13 ዲግሪ አለ። ቤዝመንቱ ቀዝቃዛ መሆኑ የታወቀ ነው፣ ግን ሲሚንቶው ከአየሩም በላይ ይስባል፤ እርሾው ደግሞ የሚዘቅጠው ታች ነው፣ በጣም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ። በዚህ ቅዝቃዜ ብዙ የእርሾ ዓይነት አይሞትም፣ ይተኛል።

ባልዲውን ወደ ላይ አምጥቼ የወጥ ቤቱ ጥግ፣ ታጥፎ በተደራረበ ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት። ጋቢም ለበሰ። እማዬ የምትለውን ማድረግ ይሻላል፣ ደግሞም ጋቢ በእርግጥ ይሠራል። መሞቅ ያለበት ቀስ ብሎ ነው። ራዲያተር ላይ መደገፍ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ምድጃ አጠገብ መገተር አይሆንም። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ በቂ ነው። ከ30 ካለፈ እርሾው ይነሳል፣ ግን ጠጁ ጉሮሮ የሚያቃጥልና በማግስቱ ራስ የሚፈልጥ ይሆናል። አንዳንዶች ችግኝ የሚያሞቅ ጠፍጣፋ ኤሌክትሪክ ምንጣፍ ይጠቀማሉ። ያስኬዳል፣ ቴርሞሜትሩን እስካያችሁ ድረስ።

ሲሞቅ አማሰልኩት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የቆመ ጠጅ ውስጥ ታፍኖ የተቀመጠ ጋዝ አለ። ረጅሙን ማንኪያ አንድ ጊዜ ሳዞረው አረፋው ከታች እየተጋፋ መጣና እስከ አፉ ደረሰ፤ ሁለተኛ ባዞረው ኖሮ ወለሉ ላይ ነበር። ማንኪያውን አወጣሁ፣ አረፋው እስኪወርድ ጠበቅኩ፣ እንደገና ትንሽ አዞርኩ። እንዲህ እያላችሁ ጋዙ እስኪያልቅ ድረስ ቀስ በቀስ ነው። ዓላማው ሁለት ነው፦ የታፈነውን ጋዝ ማስወጣትና ታች የተኛውን እርሾ ማንሳት። እንደ ቅቤ አትናጡት። አየር ለእርሾ የሚጠቅመው መጀመሪያ ሲጣል ነው፤ አልኮል ከያዘ በኋላ የሚገባ አየር ጠጁን ያበላሸዋል፣ ወደ ኮምጣጤም መንገድ ይከፍታል።

ብዙ የቆመ ጠጅ በሙቀቱና በማማሰሉ ብቻ ይነሳል። የእኔም ተነሳ። ኤርሎኩ ቡልቅ አለ፣ ቁጥሩ ወደ 1.054 ወረደ። ከዚያ እንደገና እንቢ አለ።

ያኔ ነው ብርዱ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። የአሲድ መለኪያ ወረቀት ነከርኩ። 3 አካባቢ አሳየ፤ እዚህ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው። ማር አሲድን የሚቋቋምበት አቅም ስለሌለው እርሾው ሲሠራ አሲዱ ቶሎ ይበረታል፣ ከ3.2 በታች ሲሆን ደግሞ እርሾው ራሱ ይቸገራል። መፍትሔው ፖታስየም ባይካርቦኔት ነው፤ ያው የወይን መጥመቂያ ዕቃ ሱቅ አለ። በትንሽ ማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በየመሃሉ በወረቀቱ እየለኩ፣ እስከ 3.5 አካባቢ። ይህም ያስገነፍላልና ቀስ በሉ። ኬክ ውስጥ የሚገባውን ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፤ አሲዱን ይቀንሳል፣ ግን ጨው ጨው የሚል ጣዕም ይተዋል፤ እኔ አልመክርም።

ቀጥሎ ቀለብ። ለእርሾ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ይሸጣል፤ ፈርሜይድ ኦ የሚባለው ከራሱ ከእርሾ የተሠራ ስለሆነ መሃል ላይም ይሆናል። ዳፕ (ዳይአሞኒየም ፎስፌት) የሚሉት ለእርሾ የሚሸጥ ነጭ ዱቄት ግን መጀመሪያ ላይ እንጂ አልኮሉ ከፍ ካለ በኋላ አይሰጥም። እርሾው ያን ጊዜ አይወስደውም፣ ጠጁ ውስጥ ይቀርና መጥፎ ጣዕም ይሰጣል። ሱቁ ሩቅ ከሆነባችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በግማሽ ኩባያ ውሃ አሥር ደቂቃ አፍሉ፣ አብርዱ፣ ጨምሩ። የሞተው እርሾ ለሕያው እርሾ ምግብ ነው። እኔ ያደረግኩት ይህንን ነው፤ አምስት ጋሎን ውስጥ ጣዕሙ አይታወቅም። ዘቢብ ጨምሩ የሚል ምክር በየቦታው አለ። ዘቢብ ጣዕም ይሰጣል፣ ቀለብነቱ ግን ከእፍኝ አያልፍም፤ በእሱ የተነሳ ጠጅ አላየሁም።

አሁን አዲስ እርሾ ይገባል። ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፓኬቱን ቀዶ ከላይ ይነሰንሰውና «እርሾም ጨምሬ አልተነሳም» ይላል። ደረቅ እርሾ በቀጥታ ስኳርና አልኮል ውስጥ ሲወድቅ በድንጋጤ ያልቃል። መጀመሪያ ነቅቶ፣ ጠጁን ለምዶ ነው መግባት ያለበት።

የተጠቀምኩት ላልቪን ኢሲ 1118 የሚባለውን የወይን እርሾ ነው። እስከ 18 በመቶ አልኮል ይችላል፣ ብርድም ከሌሎቹ ይልቅ ይችላል፤ ለቆመ ነገር የሚመረጠው ለዚህ ነው። ለአምስት ጋሎን ሁለት ፓኬት። 40 ዲግሪ ገደማ የሆነ አንድ ሲኒ ንጹህ ውሃ ላይ ነስንሼ ሃያ ደቂቃ ተውኩት። ውሃው በጣት ሲነካ ሞቅ ያለ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም። እርሾው አብጦ ወተት የመሰለ ሲሆን ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ገልብጬ አንድ ሲኒ ቀጠን ያለ ብርዝ ጨመርኩለት። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ አናቱ ላይ አረፋ ሠራ። ያኔ ከቆመው ጠጅ አንድ ሲኒ። ዝም አለ። ቸኩዬ ሌላ አልጨመርኩም፤ እንደገና እስኪያረፋ ጠበቅኩ። ከዚያ ሁለት ሲኒ፣ ከዚያ አራት፣ እንዲህ እያልኩ ባለው መጠን ልክ እያባዛሁ ሄድኩ። ደንቡ አንድ ነው፦ የመጀመሪያውን ሳያነቃ ሁለተኛውን አትስጡት። በማግስቱ ማሰሮው ሞልቶ፣ ጆሮ ሲያስጠጉት ቺስስ የሚል ድምፅ ነበረው። ይህን ሁሉ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ10 ዲግሪ እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በየቀኑ መውረድ ጀመረ። 1.040 አለ፣ 1.030 አለ። 1.018 ላይ ሲደርስ እኔው አቆምኩት፣ ምክንያቱም ይህ እርሾ ከተተወ ስኳሩን ጠራርጎ ይበላውና ጠጁ ደረቅ ወይን ይሆናል። የእኛ ሰው ጠጅ ጣፈጥ ሲል ነው የሚወደው። አጥልዬ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ቅዝቃዜ እርሾውን አይገድለውም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ስለዚህ እስኪያልቅ ድረስ ከፍሪጅ አይወጣም፣ ክዳኑም ጠብቆ አይዘጋም።

ይህን ደጋግሜ የምናገረው ስለሚያስፈራኝ ነው። መሃል ላይ የቆመ ጠጅ «ይሁን፣ ጣፋጭ ነው» ተብሎ በመስታወት ጠርሙስ ተሞልቶ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ ለሰው ይሰጣል። ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ እርሾው ይነቃል። ስኳሩ አለ፣ መውጫ የለም። ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ የመስታወት ስባሪ ደግሞ ዓይን አይመርጥም። ለሰው መስጠት ካለባችሁ በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ስጡ፤ ፕላስቲኩ በእጅ ሲጨበጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ቶሎ ከፍቶ ማስተንፈስ ነው።

ከዚህ ውጭ ስለሆኑ ምክንያቶችም ጥቂት ልበል። ማንጎ ወይም ሌላ ጭማቂ የምትጨምሩ ከሆነ የካርቶኑን ጀርባ አንብቡ። ፖታስየም ሶርቤት ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት የሚል ካለበት እርሾ እንዳይራባ ተብሎ የገባ ነው፤ በሙቀትም በማማሰልም አይነሳም፣ በንጹህ ብርዝ በብዙ ካልቀጠነ በቀር። ማሩ ከመጠን በላይ ከበዛ፣ መነሻው ከ1.120 ካለፈ፣ ስኳሩ ራሱ እርሾውን ያፍነዋል። ለዚያ መፍትሔው ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ነው። ሰው ማሩ ውድ ነው ብሎ ውሃ ለመጨመር ይሳሳል፤ የማይፈላ ማር ይዞ ከመቀመጥ ግን ይሻላል።

ስለ ጌሾ። ጠጅ ሲቆም መጀመሪያ የሚታማው ጌሾ ነው። «ጌሾው አርጅቷል፣ ሌላ ጨምሪ» ይባላል። ያለ እርሾ ፓኬት ለሚጥል ሰው ጌሾው ላይ ያለው የተፈጥሮ እርሾ መነሻ ስለሚሆን፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ዓመት የከረመ ጌሾ ጅማሬውን ሊያዘገየው ይችላል። ግን ጀምሮ መሃል ላይ ለቆመ ጠጅ ሌላ ጌሾ መጨመር መራራ ብርዝ ያደርገዋል እንጂ አያስነሳውም። ስኳር መጨመርም እንደዚያው ነው፤ ያለውን መብላት ላቃተው ሌላ ማቅረብ ነው።

ጠላ ለምትጠምቁ አጭር ነገር፦ ጠላ ሲቆም ብዙ ጊዜ ብርድ ነው፣ አለዚያ ደግሞ እንኩሮው ሳይበርድ ጥንስሱ ውስጥ ገብቶ እርሾውን ቀቅሎታል። ሁለተኛው ከሆነ ከጎረቤት ጥንስስ መቀበል ወይም አዲስ እርሾ መጨመር ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ከሱቅ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የቢራ ማጥመቂያ የሚሞክሩ ልጆችም 1.020 ላይ ቆመብን ይሉኛል። ወደ 20 ወይም 21 ዲግሪ አምጥታችሁ ባልዲውን ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት። ከዚያ ካልወረደ ብቅሉ ውስጥ እርሾ የማይበላው ስኳር ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ጨርሷል ማለት ነው።

ሽታው ወደ ኮምጣጤ ከሄደ ግን አትድከሙ። ያ አይመለስም። ወጥ ቤት ለሰላጣ ይሆናል፣ ለእንግዳ ግን አይሆንም። ላዩ ላይ ፀጉር ያበቀለ ሻጋታ ካያችሁም እንዲሁ፣ ይደፋል።

አሁን የምጥለው እንዲህ ነው። ባልዲው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካርቶን ላይ ነው፣ ሲሚንቶ አይነካም። የእርሾውን ምግብ በአንድ ጊዜ አልደፋውም፤ ከፋፍዬ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሰጠዋለሁ፣ ከስኳሩ ሲሶው ሳያልቅ በፊት፤ መነሻው 1.105 ከሆነ ቁጥሩ 1.070 ሳይደርስ ማለት ነው። በነዚያ ቀናት ጠዋትና ማታ ቀስ ብዬ አማስለዋለሁ፣ ጋዙ ይውጣ። ምግቡን የምጨምረው ካማሰልኩ በኋላ ነው፤ ጋዙ ሳይወጣ ዱቄት ከነሰነሳችሁበት ይገነፍላል፣ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ማሩ አይለቅም።

እማዬ ስለ ምግቡም ስለ ቁጥሩም ብነግራትም አልተደነቀችም። «ጋቢውን ግን አልብሰሽዋል?» ብቻ አለችኝ።